የሰፈራችንን መስጊድ በአፎቻችን እናስፋ

የሐረር ጀጎል ልጆች፣ እናቶችና አባቶች፣ በየአፎቻችሁ፣ በየመረዳጃ ማኅበራችሁ የተሰባሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች!

ረመዳን በገባ ቁጥር የምናየውን ታውቁታላችሁ። ለተራዊሕ የመጣው ጀመዓ ከትንሿ መስጊድ ይተርፍና በጠባቡ መንገድ ላይ ምንጣፉን ያነጥፋል፤ አዛውንቶቻችን ጉልበታቸው እየታመመ ድንጋዩ ላይ ሱጁድ ይወርዳሉ። የሴቶች መስገጃ በሌለበት ሰፈር እናቶቻችን ከነጭራሹ ቤት ይቀራሉ። ስንት ረመዳን እንዲህ እናሳልፍ? መስጊዱ ጠበበን፤ እኛው ልናሰፋው ይገባል።

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሳጠሩት ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአዋች (የወሊዮች) ስፍራዎች አሉን። ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህንን ሁሉ አይቶ ነው። ከመስጊዶቹ አብዛኞቹ ግን በጥቂት አባወራዎች መካከል የተሸሸጉ የሰፈር መስጊዶች ናቸው። ግድግዳቸውን ኖራ ሲቀባ፣ ጣሪያቸውን ሲጠግን የኖረው ያው ጎረቤቱ ነው። ዛሬም ከጎረቤቱ በፊት የሚደርስላቸው የለም።

ለዚህ ደግሞ አፎቻ አለን። ሰው ሲሞት ከለቅሶው ቤት ቀድሞ የሚገኘው፣ ሰርግ ሲሆን ድግሱን የሚሸከመው አፎቻ ነው። መዋጮ መሰብሰብ፣ ሒሳብ መያዝ፣ የቀረውን መጠየቅ ያውቅበታል። በተለይ የሴቶች አፎቻዎች ሆይ፣ እናንተ ቆርጣችሁ ከተነሳችሁ ይህ ሥራ አይቆምም። እንግዲያው የሚሰፋው ክፍል ከሁሉ በፊት የእናንተ መስገጃ ይሁን፤ በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ እንነጋገር። ዘካችሁን ለዚህ አታምጡ፤ እሱ የድሃው ሐቅ ነው። የምንጠይቃችሁ ሰደቀቱል ጃሪያ ነው፦ ሰጪው አፈር ከገባ በኋላም አጅሩ የማይቋረጥ። ያለው በሺዎች ይስጥ፤ የሌለው የወር መዋጮው ላይ ጥቂት ብር ይጨምር። ግንበኛው የጉልበቱን ያምጣ። በመስጊዱ አጠገብ ባዶ ግቢ ያለው ወቅፍ ያድርገው፤ በጀጎል ውስጥ ከብር ይልቅ የሚቸግረን ቦታ ነውና። ውኃ በሚጠፋባት ከተማችን ለውዱ የሚሆን ሮቶ የሚያስቀምጥም ታላቅ ሥራ ሠራ።

አንድ ነገር አደራ። ማስፋት ማለት አፍርሶ በብሎኬት ፎቅ መሥራት አይደለም። የአባቶቻችን ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ከውስጥ ይበላዋል። ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል። ስለዚህ የክልሉን የቅርስ ባለሙያዎች ሳናማክርና ፈቃድ ሳናገኝ አንዲት ድንጋይ አናንሳ። ነባሩ ክፍል እንዳለ ይቆይ፤ አዲሱ በጎኑ፣ በልኩ ይሠራ። የድሮውን አሠራር የሚያውቁ ግንበኞች በሕይወት ሳሉ ወጣቶቻችን ከእነሱ ጋር ይዋሉ፤ ይህ ብቻውን ለመዋጮው በቂ ምክንያት ነው።

በቶሮንቶ፣ በጅዳ፣ በሜልበርን ያላችሁ የጌይ (የሐረር) ልጆችም ጥሪው ለእናንተ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረውን ሸዋል ኢድ ልታከብሩ ስትመጡ እናታችሁ ያደገችበትን ሰፈር መስጊድ ጎብኙ። ቁርኣን የቀራችሁበት ክፍል ስንት ልጅ እንደሚይዝ በዓይናችሁ እዩ፤ ከዚያ የምትሰጡትን ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

የአፎቻ ሰብሳቢዎች! በመጪው ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ አስቀድሙ። ሦስት ታማኝ ሰው ምረጡ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ገንዘቡ ያለ ሦስቱ ፊርማ ከባንክ አይውጣ፤ የገባውና የወጣው በየወሩ በመስጊዱ በር ላይ ይለጠፍ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ መዝገቡን ክፈቱ፤ የመጀመሪያውን ስም የራሳችሁን ጻፉ።