የሙቀት ቁጥር ያለ ምንጩ

በሊኑክስ ኮምፒውተር ረጅም ስሌት የሚያካሂድ ተመራማሪ የፕሮሰሰሩን ሙቀት መዝግቦ ከውጤቱ ጋር ሊያቀርብ ይችላል። ይሁን እንጂ ከሴንሰሩ የተነበበ ቁጥር ሁሉ ትክክለኛ ሙቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ የቀረበው ራይዘን 7 1800ኤክስ ለማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ የሚያሳውቀው ዋጋ ከእውነተኛው ሙቀት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆን ተብሎ ከፍ የተደረገ ነው። በተጨማሪም ሊኑክስ ለሴንሰሮች የሚሰጠው ተራ ቁጥር ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ ትናንት የፕሮሰሰሩን ሙቀት ያነበበ ፕሮግራም ዛሬ የዲስኩን ሊመዘግብ ይችላል፤ ስህተት መኖሩንም አያሳውቅም። በመሆኑም ተመራማሪው ሴንሰሩን በተራ ቁጥሩ ሳይሆን በስሙ ሊለይ፣ የከርነሉንም ስሪት አብሮ ሊገልጽ ይገባል። ምንጩ ያልታወቀ የሙቀት ቁጥር ለድጋሚ ሙከራ መሠረት ሊሆን አይችልም።