የበግ ቆዳና የተልባ አገዳ በቤተ ሙከራ ደጃፍ

በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ የአውሮፓ፣ የእስያና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መደበኛ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው በራቸውን ለሌላ ዓይነት ተማሪ ይከፍታሉ። ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ወጣት ተመራማሪዎች ለጥቂት ሳምንታት ተሰባስበው በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ይማራሉ፤ ይሞክራሉ። እነርሱ የበጋ ትምህርት ይሉታል። በጉና ተራራ ግርጌ ግን ያ ወቅት ክረምት ነው፤ ገብሱ የሚታረምበት፣ ጭቃው ጉልበት የሚፈትንበት ጊዜ። ከእነዚህ መርሐ ግብሮች አንዱ ዘርፍ ባዮማቴሪያል የሚባለውን የሚመለከት ነው። ስሙ ከአርሶ አደሩ የራቀ ይመስላል፤ ነገሩ ግን በየደጃፉ የሚጣል ነው።

ባዮማቴሪያል የሚለው ቃል ሁለት ፍች ይዞ ይሠራበታል። አንደኛው በሕክምና ወደ ሰው ሰውነት የሚገባውን ወይም ሰውነትን የሚነካውን ቁስ ይመለከታል፤ የቁስል መስፊያ ክር፣ የተሰበረ አጥንት መሙያ፣ የቃጠሎ ቁስል መሸፈኛ ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ከእንስሳትና ከዕፅዋት የሚገኘውንና ፕላስቲክን፣ ብረትን ወይም የመስታወት ጭረትን ሊተካ የሚችለውን ቁስ ሁሉ ያቅፋል። ሁለቱ ፍችዎች የሚገናኙበት ስፍራ አለ፤ ደቡብ ጎንደርን የሚመለከተውም ይኸው መገናኛ ነው።

ብራናን እናስብ። የፍየል ቆዳ ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ተወጥሮ እንዳለ ሲደርቅ ለዘመናት የሚቆይ ገጽ ይሆናል። ብራና እንደ ጫማ ቆዳ አይለፋም፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው በቆዳው ውስጥ ካለው ኮላጅን ከተባለ የፕሮቲን ጭረት ነው። የዛሬዎቹ ቤተ ሙከራዎች ለቁስል መሸፈኛና ለአጥንት መጠገኛ የሚያወጡት ይህንኑ ኮላጅን ነው። በደጋው አድባራትና ገዳማት ብራና ሲፍቁ የኖሩ ሊቃውንት ስሙን አያውቁት እንጂ ጠባዩን ጠንቅቀው ያውቁታል።

በዚህ ዘመን ግን ቆዳ ክብሩን አጥቷል። በበዓላት ማግሥት በየከተማው የበግና የፍየል ቆዳ ገዢ አጥቶ በየቦዩ ሲወድቅ ማየት የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በጎች ላይ በሚራቡ ተባዮች የተነሣ በቆዳው ገጽ ላይ የሚታየውና በቆዳ ኢንዱስትሪው እከክ የሚባለው ጉዳት ዋጋውን ይጥለዋል። በእርድ ጊዜ ቢላዋ የበሳው ቆዳ ለጓንትና ለጫማ አይፈለግም። ጨው ሳይነካው ያደረ ቆዳም ይበላሻል። እዚህ ላይ የባዮማቴሪያል ሳይንስ አንድ የተለየ ነገር ይላል፦ ኮላጅን ወይም ጄላቲን ለማውጣት ቆዳው ስለሚሟሟ የገጹ ጠባሳም ሆነ የቢላዋው ቀዳዳ ያን ያህል አያስጨንቅም። አስጨናቂው ቆዳው አለመበስበሱና የእንስሳው ጤንነት መታወቁ ነው። ስለዚህ ለጫማ ፋብሪካ የማይሆን የፋርጣ በግ ቆዳ ለሌላ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ጨው የሚነሰንስለትና ከየት እንደመጣ የሚመዘግብለት ካገኘ።

ጄላቲን ከተነሣ አይቀር፣ የመድኃኒት እንክብሎች ሽፋን የሚሠራው ባብዛኛው ከእርሱ ነው። በዓለም ገበያ ካለው ጄላቲን ትልቁ ድርሻ ደግሞ ከአሳማ ቆዳ የሚወጣ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይቀምስበት አገር ከከብት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ጄላቲን ገበያ አያጣም ብሎ መገመት ድፍረት አይሆንም።

ተልባም የራሱ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ ተልባን ከጥንት ጀምሮ ስታመርት የኖረችው ለዘሩ ነው። ፍሬው ተወቅቶ ለወጥና ለዘይት ሲውል አገዳው ይማገዳል ወይም ይበሰብሳል። አውሮፓውያን ግን ከዚሁ ተክል አገዳ የበፍታ ጨርቅ ይሠራሉ፤ በቅርብ ዘመን ደግሞ ጭረቱን ከሙጫ ጋር አጣምረው ለመኪና ውስጠኛ ክፍሎች ይጠቀሙበታል። የእኛ ተልባ አጭርና ቅርንጫፋም በመሆኑ ጥሩ በፍታ አይወጣውም፤ አጭር ጭረት ለሚበቃው ሰሌዳ ግን ሊያገለግል ይችላል። የጣና እንቦጭም በዚህ ረገድ ስሙ ይነሣል። ሆኖም እንቦጭ ከዘጠኝ እጅ በላይ ውኃ ነው፤ ከፎገራ ዳርቻ ጭኖ ማጓጓዝ ውኃ ማጓጓዝ እንደሆነ ሳያሰሉ ተስፋ የሚሰጡ ሰዎች መጠንቀቅ አለባቸው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣት ተመራማሪዎችን የሚያሰባስብ የቁሳቁስ ሳይንስ ትምህርት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም የአሜሪካና የአፍሪካ የጋራ የቁሳቁስ ምርምር ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በአዲስ አበባ ነበር። ዋና ጉዳዩ ለታዳሽ ኃይል የሚሆኑ ቁሶች ነበሩ። ካሰናዱት አንዷ አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው። አባታቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ ሚኒሶታ ሆነው ዕድሜያቸውን የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ሲመረምሩ የኖሩ ሊቅ ነበሩ። አባት ብራናው ላይ የተጻፈውን፣ ልጅ ቁስ የሚሠራበትን ባሕርይ አጠኑ። የዚያ ትምህርት ትልቁ ቁም ነገር ቦታው ይመስለኛል፤ ወጣቶቹ ወደ ውጭ ከመሄድ ይልቅ የውጭዎቹ ወደዚህ መጡ። እዚህ ሲመጡ መብራት ሲጠፋ መሣሪያ ምን እንደሚሆን ያያሉ፤ ይህ በሌላ አገር ቤተ ሙከራ ተቀምጦ አይታይም።

ወደ ውጭ የሚሄደው ወጣት ግን ሌላም አደራ አለበት። ከሻንጣው ውስጥ የደጋውን ዘር ወይም የአያቱን ዕውቀት ይዞ ሊሄድ ይችላል። የጤፍ ነገር ትምህርት ይሁነን። በ1997 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈራረመች። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ቃል ከተገባው ጥቅም ግን ለአገሪቱ የደረሰው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ መብቱን በኔዘርላንድ ዋጋ ያሳጣው በ2011 ዓ.ም ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ለዚህ የሚሆን ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለፈቃድ እንዳይወሰድ ይከለክላል፤ መንግሥት ከጄኔቲክ ሀብቱ አጠቃቀም በገንዘብ ከሚያገኘው ድርሻ ውስጥም ሃምሳ በመቶው ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ በጋይንትም ሆነ በእስቴ ቀበሌዎች ስንት ጊዜ ተነግሯል? ተመራማሪ መጥቶ የተልባ ዘር ወይም የበግ ደም ናሙና ሲጠይቅ የፈቃድ ወረቀቱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። እንግዳ ተቀባይነትና ይህ ጥያቄ አይጋጩም።

ደብረ ታቦር በዚህ ረገድ ከማንም ከተማ የረዘመ ትዝታ አላት። በ1850ዎቹ ዓመታት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ብረት አስቀለጡ፤ ሴባስቶፖል የተባለውን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ አሠሩ። አገሬው አብሮ እየሠራ ተማረ። ሆኖም በ1860 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ ከሽንፈቱ በኋላ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ፤ ጋፋት ላይ ግን ሥራው አልቀጠለም። የጎደለው ብልኃት አልነበረም። ሙያው በመጡት ሰዎች እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ሲሄዱ አብሮ ሄደ።

የዛሬው ልዩነት በከተማዋ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል መኖሩ ነው። በአጎራባች ባሕር ዳርም ጭረትንና ጨርቅን የሚያጠና የጨርቃ ጨርቅ ተቋም አለ። እሳት ዳር የተቃጠለ ሕፃን ቁስሉ የሚሸፈንበት ነገር ከውጭ በምንዛሪ የሚገዛ መሆኑን ሐኪሙ ያውቃል፤ በጓሮው ቆዳ የሚጣል መሆኑን ነዋሪው ያውቃል። በመካከላቸው የሚቆም ሰው ነው የጠፋው። ለበጋ ትምህርት ተወዳድሮ የሚሄድ ወጣት ማመልከቻው ላይ የሚጽፈው ጥያቄ ከዚህ ቢነሣ፣ ሲመለስም የሚሠራበት ክፍል ቀድሞ ቢመደብለት፣ ወጪው የአውሮፕላን ትኬት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ያለዚያ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ወጣቱም የሚቀጥለውን ጥሪ ይጠብቃል።

በመስከረም መጀመሪያ የተመለሰ ተመራማሪ የተልባው አጨዳ እስኪደርስ ሁለት ወር ያህል አለው። ለመጀመሪያ ሙከራ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ አውድማ ላይ ከሚቀረው አገዳ ጥቂት ነዶ ለምኖ ለቀናት በውኃ መዘፍዘፍና ጭረቱ ከእንጨቱ ሲላቀቅ ማየት ብቻ ይበቃዋል።