ሥራዋን የለቀቀች ልጅ ሰነፍ ናትን?

በዛሬው ዓምዳችን በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የሚነሳ አንድ ክርክር ይዘን ቀርበናል።

ልጅቱ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። በአቅራቢያው ፋብሪካ ይከፈትና ትቀጠራለች። ቤተሰቡ «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል፤ ጎረቤትም «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል። ሁለትና ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ሥራውን ትታ ተመልሳ ትመጣለች። ያን ጊዜ ፍርድ ይፈረዳል። አባት «የዘንድሮ ልጅ ሥራ አይወድም» ይላል። እናት በጎረቤት ፊት ትሸማቀቃለች። አጎትም «የእከሌ ልጅ ይኸው ሁለት ዓመቷ፤ እናቷን ትጦራለች» እያለ ነገሩን ያባብሰዋል። ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

ጥያቄውን በግምት ሳይሆን በቁጥር ለመመለስ የጣሩ ተመራማሪዎች አሉ። ጥናታቸውም የተካሄደው በሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ በኢትዮጵያ ነው። ያገኙትን ከመናገራችን በፊት ግን እንዴት እንዳገኙት ማወቅ ይጠቅመናል።

ንጽጽር የሚዛባው እንዴት ነው?

እኛ መምህራን ዘወትር የምናየውን ምሳሌ እናንሳ። በቤታቸው አስጠኚ የተቀጠረላቸው ልጆች ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ። ታዲያ ውጤቱን ያመጣው አስጠኚው ነው ለማለት እንችላለን? አንችልም። አስጠኚ የሚቀጥር ቤተሰብ መጽሐፍም ይገዛል፤ ልጁም ውሃ ለመቅዳት ወይም ሱቅ ለመጠበቅ አይላክም። የአስጠኚውን ድርሻ ከቤቱ ድርሻ ለመለየት ያስቸግራል።

የአጎትየው ንጽጽርም እንዲሁ ነው። ሁለት ዓመት ፋብሪካ የቆየችው የእከሌ ልጅ ምናልባት ቤቷ ለፋብሪካው ቅርብ ይሆናል፤ ምናልባት ጤናዋ የጠና፣ ምናልባትም ሌላ ምርጫ ያልነበራት ትሆናለች። ሁለት ሰዎችን አቁሞ ማወዳደር ቀላል ነው፤ ከባዱ የሚነጻጸሩት ሰዎች በሌላው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው።

ተመራማሪዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ሁላችንም የምናውቀው ዕጣ ነው። ብዙ አመልካች ባለበት ሥራው በዕጣ ከተሰጠ ዕጣው ሀብታም ወይም ድኻ፣ ብርቱ ወይም ደካማ ብሎ አይመርጥም። ስለዚህ ዕጣ የወጣላቸውና ያልወጣላቸው በአማካይ ተመሳሳይ ሰዎች ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት የመጣው ከሥራው ነው ለማለት ይቻላል።

ሦስት ዕጣዎች

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የጫማ፣ የልብስ፣ የአበባ እርሻና የመጠጥ ማሸጊያ ከሚገኙባቸው አምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው፣ ወደ 1000 የሚጠጉ አመልካቾችን በዕጣ በሦስት ቡድን ከፈሉ። አብዛኞቹ አመልካቾች ወጣት ሴቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ቡድን በፋብሪካው እንዲቀጠር ተጋበዘ። ሁለተኛው ወደ 300 የአሜሪካ ዶላር የሚሆን ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም ሳይሰጠው ማነጻጸሪያ ሆኖ ቀረ።

ከአንድ ዓመት በኋላ የተገኘው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። ሥራ ከተሰጣቸው መካከል ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመቱ ሲያልቅ የለቀቁት 77 ከመቶ ደርሰው ነበር። ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሰነፎች ናቸውን? ቁጥሩ እንዲህ አይልም። የፋብሪካ ሥራ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ገቢ ምንም ካልተሰጣቸው ሰዎች ገቢ አልበለጠም። እነዚያ በጉልትም፣ በቀን ሥራም፣ በእርሻም እያሉ ያንኑ ያህል ያገኙ ነበር። በዚያ ላይ በፋብሪካው ዕጣ ቡድን ውስጥ ከባድ የጤና ችግር የደረሰባቸው ሰዎች ቁጥር ጨምሮ ተገኝቷል። ገቢው ካልበለጠ፣ ጤናም ከተጓደለ፣ ልጅቱ ብትለቅ ሒሳብ አውቃለች እንጂ ሰንፋለች አይባልም። ብዙዎቹ ወጣቶች የፋብሪካውን ሥራ የያዙት ሌላ ነገር እስኪያገኙ እንደ ክፉ ቀን መሸሸጊያ አድርገው ነበር።

ገንዘብና ሥልጠና የተሰጣቸውስ? ገቢያቸው በ33 ከመቶ ጨመረ። ትንሽ ንግድ ጀመሩ፤ ሥራቸውም በእጃቸው ሆነ።

እዚህ ላይ ብናቆም «ፋብሪካ ይቅር፣ ንግድ ይሻላል» ብለን ለመደምደም በተቻኮልን ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን አልቸኮሉም። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው እነዚያኑ ሰዎች ጠየቁ። ይህ ሁለተኛው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ሦስቱ ቡድኖች በሥራ ዓይነትም፣ በገቢም፣ በጤናም ተቀራርበው ተገኙ። ገንዘብ የተሰጣቸው ብዙዎቹ ንግዳቸውን ትተው ነበር፤ የፋብሪካው የጤና ጉዳትም ጊዜያዊ መስሎ ታይቷል። አንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ ወይም አንድ ጊዜ የተገኘ ቅጥር ብቻውን የሰውን ሕይወት ለዘለቄታው አልለወጠም።

የታክሲ ገንዘብ ወይስ የምስክር ወረቀት?

በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ለወላጆች ቀጥተኛ ትምህርት አለው። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ ያካሄዱት ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በዕጣ ተለይተው ለአንዳንዶቹ ሥራ ፍለጋ የሚመላለሱበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጣቸው። ለሌሎቹ የሥራ ማመልከቻና የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ ዝግጅት፣ እንዲሁም ችሎታቸውን የሚያሳይ ፈተናና የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው።

በመጀመሪያ ሁለቱም ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቶ ነበር፤ ችሎታቸውን ለቀጣሪ ማስረዳት የተማሩት ግን አሁንም የተሻለ ገቢ ነበራቸው፤ በሥራቸውም ይበልጥ ረክተው፣ ይበልጥ ቆይተው ተገኙ። ብዙ ልጆቻችን እውቀት ሳያንሳቸው ያወቁትን ማሳየት ያቅታቸዋል። ይህን ማስተማር ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ጽዳቱና የጎረቤት ደመወዝ

ሦስተኛው ጥናት ከቤተሰብ አልፎ ወደ ሰፈር ይወስደናል። በአዲስ አበባ የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ቀድመው የሚታቀፉት ወረዳዎች የተለዩት በዕጣ ነበር። በፕሮግራሙ የታቀፉ ድኾች መንገድ ያጸዳሉ፣ ቦይ ይጠርጋሉ፣ አረንጓዴ ቦታ ይንከባከባሉ፤ ለዚህም ክፍያ ያገኛሉ። «ይህ ገንዘብ ማባከን ነው፤ መንገድ ጠርጎ ያለፈለት የለም» የሚል ሰው አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት ግን በተጠቃሚው ኪስ ብቻ አልተወሰነም። ሰዎቹ በከፊል ለጽዳቱ ሥራ ሲሰማሩ ለግል ቀጣሪ የሚቀርበው ሠራተኛ ቀነሰ። ቀጣሪም ሠራተኛ ለማግኘት ክፍያውን መጨመር ነበረበት። ፕሮግራሙ በከተማው ሙሉ በሙሉ ሲዳረስ የግሉ ዘርፍ ደመወዝ በ18.6 ከመቶ ከፍ እንዳለ ተመራማሪዎቹ አስልተዋል። የሰፈሩ ንጽሕናም ተሻሽሏል። የደመወዙ ጭማሪና የሰፈሩ መሻሻል አብረው ሲታሰቡ ድኾች ያገኙት ጥቅም በቀጥታ ከሚታየው ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። መጥረጊያ ያልጨበጠች፣ በሰው ቤት ልብስ የምታጥብ እናትም ከዚያ መጥረጊያ ተጠቅማለች ማለት ነው።

ከዚህ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ ልጃችን ሥራ ስትለቅ ከመፍረዳችን በፊት እንጠይቃት። ከትራንስፖርትና ከምሳ በኋላ በእጇ ምን ይቀር ነበር? ስንት ሰዓት ትቆም ነበር? አየሩስ፣ ኬሚካሉስ? ማታ በሰላም ትገባ ነበር? መልሱን ሰምተን ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

ሁለተኛ፣ ለልጃችን የንግድ መነሻ ስንሰጥ «ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ራሱ ያውቃል» ብለን ፊታችንን አናዙር። የአንድ ጊዜ ገንዘብ ጥቅሙ ሊጠፋ እንደሚችል አይተናል። መዝገብ መያዙን፣ ትርፉን ከዋናው መለየቱን፣ ሲቸግረው የሚያማክረው ሰው ማግኘቱን መከታተል የእኛ ፈንታ ነው።

ሦስተኛ፣ አማካይ ቁጥር የእያንዳንዱን ልጅ ዕጣ ፈንታ አይናገርም። ጥናቱ አምስት ድርጅቶችን ነው ያየው፤ ሁሉም ፋብሪካ መጥፎ ነው አላለም። በፋብሪካ ሥራ ሙያ ለምዳ፣ ደረጃዋን አሻሽላ ቤቷን ያቆመች ልጅ ብትኖር ልንኮራባት ይገባል።

አራተኛ፣ ባለሥልጣንም ሆነ ነጋዴ «ይህን ያህል ሺህ ሰው ሥራ አገኘ» ሲለን «ከማን ጋር ሲነጻጸር? ከዓመት በኋላስ ስንቱ ቆየ?» ብለን እንጠይቅ። ቁጥር አማና ነው። የሚያቀርበው ሰው በእውነት ሊያቀርበው፣ የሚሰማውም ሰው አስተውሎ ሊቀበለው ይገባል። በድኻ ቤት ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲፈረድ ዋጋውን የምትከፍለው ያቺው ሥራ ለቃ የመጣች ልጅ ናት።

አላህ ለልጆቻችን ሐላልና ሰፊ ሪዝቅ ይወፍቃቸው።