ኮምፒዩተሩ ሳይጠይቅ ይከፈት ወይ?

አንዳንድ ነዋሪዎች «የማኅበሩ ኮምፒዩተር ለምን ፓስዎርድ ሳይጠይቅ አይከፈትም? ሞክረን እምቢ አለን» ይሉናል። እምቢ ያለበት ምክንያት ይታወቃል። «ኔትፕልዊዝ» በሚባለው መስኮት የነበረው የፓስዎርድ ምልክት ማድረጊያ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ተደብቆ ይገኛል። በሴቲንግ፣ ከአካውንት ሥር፣ የመግቢያ አማራጮች ውስጥ «በዊንዶውስ ሄሎ ብቻ» የሚለው ሲጠፋ ተመልሶ ይመጣል። ታዲያ የሚጻፈው የአካውንቱ ፓስዎርድ ነው፤ ፒን አይሠራም።

በየቤታችሁ እንደፈለጋችሁ አድርጉ። የማኅበሩ ግን ሌላ ነው። የመዋጮው መዝገብና የአባላት ስልክ ቁጥር ያለው እዚያው ነው፤ ክፍሉም ሰው ሲገባ ሲወጣ የሚውልበት ነው። ኧረ ቁልፉን በር ላይ ሰክቶ የሚያድር ማነው? ጸሐፊው ጠዋት ጠዋት ጥቂት ፊደል ቢጽፍ ምን ይጎዳል? እኛ በበኩላችን አንስማማም። ሌላ ሐሳብ ያለው በሚቀጥለው ስብሰባ ይናገር።