ስለ ሳማና ስለ ጎርጎንዞላ ፓስታ

የቤት እመቤቶች ሆይ፤ በሰሜን ኢጣልያ ጎርጎንዞላ በሚባለው ፎርማጆና በጸደይ ከሜዳ በሚለቀመው ሳማ ስለሚሠራው ፓስታ ዛሬ ልንነግራችሁ ወደናል። የኛ ሰው ይህን ምግብ መጀመሪያ ሲያየው የሚደነግጥባቸው ሁለት ነገሮች አሉበት፤ አንደኛው ሻጋታው፥ ሁለተኛው ሳማው ነው።

ጎርጎንዞላ ስሙን ያገኘው ከሚላኖ በስተምሥራቅ ካለች ከተማ ነው። የላሙ ወተት ሲረጋ፥ ለዚሁ ሥራ ተለይቶ የተዘጋጀ የሻጋታ ዘር ይገባበታል። ውሃው ተንጠፍጥፎ ቅርጽ ከያዘና ጨው ከተቀባ በኋላ በረጃጅም መርፌ ይወጋል፤ በቀዳዳው ነፋስ ሲገባ ሻጋታው ያድጋል፥ ሰማያዊና አረንጓዴ ሥርም ይሰዳል። ለስላሳው ዓይነት ቢያንስ 50 ቀን፥ ኃይለኛው ቢያንስ 80 ቀን ይቆያል፤ ለፓስታ የሚስማማው ለስላሳው ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሰምቶ በመሶብ የሻገተውን እንጀራ ለልጆች ማቅረብ አይገባም፤ የዚያኛው ሻጋታ ዘሩም ጠባዩም አይታወቅምና መርዝ ሊያወጣ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴትም ከዚህ ፎርማጆ ትከልከል፤ ሊስቴርያ የሚባለው ረቂቅ ተሐዋስ ለጽንሱ አደገኛ ነው። በዚህ አሠራር ፎርማጆው ስለማይፈላ፥ የእርስዋ ድርሻ ለብቻው በፓርሚጃኖ ቢሠራላት ይሻላል።

ሳማን ግን ለኛ ማን ያስተዋውቀናል? የደጋው ባላገር፥ ይልቁንም በክረምት እህል ሲያጥር፥ ከገብስ ዱቄት ጋር ቀቅሎ ይበላዋል። የችጋር ምግብ ነው እያሉ የሚያፍሩበት አሉ፤ ማፈራቸው ያለ ቦታው ይመስለናል። የሚለበልበው በቅጠሉ ላይ ያለው ጥቃቅን ጠጉር ነው፤ በፈላ ውሃ ሲገባ ኃይሉ ይጠፋል። አበባ ሳያወጣ የጫፉን ለጋ በጓንት መልቀም፥ በመንገድ ዳርና በቆሻሻ መውረጃ አጠገብ የበቀለውንም መተው ነው።

ኢጣልያኖች አንዳንድ ጊዜ የዱር ነጭ ሽንኩርት ቅጠል ይጨምሩበታል። እኛ ግን ይህን አንመክርም። ኮልኪኩም የሚባለው መርዛም ተክል ቅጠሉ ይመስለዋልና፥ በአውሮፓ ተሳስተው በልተው የሞቱ ሰዎች አሉ፤ መርዙም በመቀቀል አይጠፋም። ሽታው ይለየዋል ይላሉ፤ ዳሩ ግን ጥቂት ቅጠል ከተለቀመ በኋላ እጅ ራሱ ነጭ ሽንኩርት ስለሚሸት በሽታ መለየት ያስቸግራል። ከገበያ የተገዛ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል።

አሠራሩ ለ4 ሰው እንዲህ ነው። በ4 ሊትር የፈላ ውሃ 40 ግራም ጨው ይጨመር። 150 ግራም የታጠበ የሳማ ለጋ በዚያ ውሃ 2 ደቂቃ ተቀቅሎ ይውጣ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ፥ ተጨምቆ ይከተፍ። በዚያው ውሃ 350 ግራም ፓስታ ይቀቀል። እስኪበስል ድረስ በሰፊ መጥበሻ ቅመም ያልገባበት 20 ግራም ለጋ ቅቤ ቀልጦ፥ ነጭ ሽንኩርቱ ሳይጠቁር ጥቂት ይቁላላ፤ ሳማውም ይግባበት። አንድ ሲኒ የወተት ክሬም ይጨመርና ሲሞቅ እሳቱ ይቀነስ፤ ከዚያ 200 ግራም ጎርጎንዞላ ተቆራርሶ ይግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መረቁ ከፈላ ፎርማጆው ቅባቱን ይለቃል፥ ይቋጠራልም። በዝግታ እያማሰሉ እንዲቀልጥ ብቻ ማድረግ ነው። ጨው አይጨመርበት፤ ፎርማጆው የራሱ ጨው አለው።

ፓስታው መካከሉ ገና ጥቂት ጠንከር ሲል ከውሃው ይውጣና መጥበሻው ውስጥ ይግባ፤ ከተቀቀለበት ውሃም አንድ ጭልፋ ይጨመርበት። በውሃው ውስጥ የቀረው የዱቄቱ ልም መረቁን ያያይዘዋል። ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ በሞቀ ሳህን ወዲያው ማቅረብ ነው፤ ከቀዘቀዘ ይጓጉላልና፥ እንግዳ ገበታ ላይ ሳይቀመጥ ፓስታውን ውሃ ውስጥ አትጨምሩት።