ነጭ ሽንኩርት ገበያ ታይቶ ሳይሆን ቅጠሉ ታይቶ ይቆፈር

ዐቢይ ጾም ሲቃረብ የነጭ ሽንኩርት ተፈላጊነት ይጨምራል። ሽሮውም ምስሩም ያለ እሱ አይጥምም። ደምበጫ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ በመሆኗ ነጋዴው ሩቅ አይደለም። ዋጋው ሲወደድ፣ ያልደረሰውን ማሳ ቆፍሮ የመሸጥ ፈተናም አብሮ ይመጣል።

ችኮላው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ያለጊዜው የተቆፈረ ነጭ ሽንኩርት ራሱ ትንሽ፣ ልባሱም ስስ ይሆናል፤ ውኃ ስለሚበዛበት ጎተራ ሲገባ ይጨማደዳል ወይም ይሻግታል። መዘግየትም ጉዳት አለው። ልባሱ በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል፣ ራሱ ይከፈታል፣ ፍልቃቂው ይበታተናል።

ልኩ የሚታወቀው በቅጠሉ ነው። ከተተከለ ከ4 እስከ 5 ወር ገደማ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ደርቀው ከላይ 5 ወይም 6 አረንጓዴ ሲቀሩ ጊዜው ደርሷል። እያንዳንዱ አረንጓዴ ቅጠል ራሱን ከሚሸፍነው አንድ ልባስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ራሱን ያለ ልብስ ማስቀረት ይሆናል። ይሁንና ዋግ፣ የውኃ እጥረትና የሥር መበስበስም ቅጠል ያደርቃሉ። ስለዚህ ከተለያየ መደብ ሁለት ሦስት ራስ አውጥቶ ለሁለት መቁረጥ ይበጃል፤ ፍልቃቂዎቹ ልባሳቸውን ሞልተው ከታዩ ደርሷል።

በመስኖ የለማ ከሆነ ከመቆፈሩ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ውኃው ይቋረጥ። በቅጠሉ ከመጎተት ይልቅ በዶማ ከራሱ ራቅ ብሎ አፈሩን ማላላት ይሻላል። ከዚያም ሳይታጠብ፣ ከነቅጠሉ፣ ነፋስ በሚገባው ጥላ ሥር ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይድረቅ። ወዲያው በጆንያ ማፈን ለሻጋታ መስጠት ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የዘር ጉዳይ ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው ፍልቃቂው ስለሆነ፣ የዘንድሮ ጎተራ የከርሞ ማሳ ነው። ትልልቁን ሸጦ ትንንሹን ለዘር ማስቀረት ምርቱን ከዓመት ዓመት ያቀጭጫል። በነጭ ሻጋታ የተሸፈነና የበሰበሰ ራስም ለዘር አይቀመጥ፤ የዚህ በሽታ ተውሳክ አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

አርሶ አደሩ ቀድሞ የሚቆፍረው ሙያ ጎድሎት ብቻ አይደለም። ዕዳ አለበት፣ የልጆች ወጪ አለበት፣ ሌባም ያሰጋዋል። «ጠብቅ» ብቻ ማለት በቂ ምክር አይሆንም። ገንዘብ የቸገረው ከማሳው ከፊሉን ቢሸጥ እንኳ፣ ምርጡን መደብ ለዘር ለይቶ እስኪደርስ ሳይነካው ቢተው ለከርሞ ይተርፋል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ለተከላ የሚያደርጉትን ቅስቀሳ ለአሰባሰብ ሊያደርጉት ይገባል። የልማት ጣቢያ ባለሙያዎች በመድረሻው ሰሞን ማሳ ላይ ተገኝተው ራሱን ቆርጠው ያሳዩ። ኅብረት ሥራ ማኅበራት የጋራ ማድረቂያ ጥላ ይሥሩ፤ የገበያ ዋጋ መረጃም ለአምራቹ በወቅቱ ይድረስ። ለአምስት ወር የተለፋበት ምርት በሁለት ሳምንት ችኮላ መባከን የለበትም።