ገመዱ ለማን ይታሰራል?

በአዲስ አበባ በአንድ ግቢ ውስጥ የቆመ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ የተመለከተ ሰው አንድ ገመድ ማየቱ አይቀርም። ቆራጩ ጫማውን ያወልቃል፤ መጥረቢያውን ወገቡ ላይ ሻጥ ያደርጋል፤ ግንዱን እያቀፈ ሽቅብ ይወጣል። ወደ ጫፉ ሲቃረብ ይዞት የወጣውን የቃጫ ወይም የናይለን ገመድ በዛፉ አናት ላይ ያስራል። ሌላውን ጫፍ ከታች ሦስት አራት ሰዎች ይይዙታል፤ ግንዱ ከሥሩ ሲመታም ወደ ባዶው ቦታ ይጎትቱታል። ዓላማው ዛፉ በቤቱ ቆርቆሮ፣ በጎረቤት አጥር ወይም በመብራት ሽቦ ላይ እንዳይወድቅ ነው። የግቢው ባለቤትም ከዋጋው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ «ገመድ አላችሁ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ገመዱ የቆርቆሮው ዋስ እንጂ የሰውየው ዋስ አይደለም። በዚያ ከፍታ ላይ፣ በአንድ እጁ ቅርንጫፍ ጨብጦ በሌላው መጥረቢያ የሚያነሣው ሰው ከግንዱ ጋር በምንም አልተያያዘም።

ነገሩን ድህነት ወልዶታል የሚል መልስ ቶሎ ይሰነዘራል። መልሱ ግማሽ እውነት ስላለው ነው የሚያሳስተው። እርግጥ ነው፣ ቆራጮቹ ማለዳ አደባባይ ዳር መጥረቢያቸውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ሥራ የሚጠባበቁ፣ ደላላው ድርሻውን ካነሣ በኋላ የተረፈውን የሚካፈሉ፣ አንዳንዴም የደመወዛቸው ከፊል በጭራሮና በፍልጥ የሚታሰብላቸው ሰዎች ናቸው። የሞተር መጋዝ ካስፈለገ ከነነዳጁ ይከራዩታል። ሆኖም ገመድ የሚባል ነገር በቦታው አለ! ተገዝቷል፣ ተይዞ መጥቷል፣ ዛፉ ላይ ወጥቷል። የጎደለው ገመዱ ለሰውም ይታሰራል የሚለው ሐሳብ ነው። (ግንድ ሲጎተትበት የከረመ የተላላጠ ገመድ ሰው ይሸከማል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ለሰው የሚታሰረው ሌላ፣ ለዚሁ ብቻ የሚጠበቅ መሆን አለበት።) ይህን ወጪ ቆራጩ ከዕለት ጉርሱ ሊሸፍን አይችልም። የብረት በር ያሠራው፣ ግንቡን በድንጋይ ያስለበጠው ባለቤት ግን አልችልም ቢል የሚያምነው የለም።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ስምና ማዕርግ ያለው ሞያ ነው። በእንግሊዝ አገር የተወለደውና በአሜሪካ ኦሃዮ የኖረው ጆን ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳተመውን መጽሐፍ «የዛፍ ሐኪም» ብሎታል፤ እንግሊዝኛው እስከ ዛሬ እነዚህን ሠራተኞች «የዛፍ ቀዶ ጠጋኞች» እያለ ይጠራል። በአማርኛ ያለው ስም «ዛፍ ቆራጭ» ነው፤ ይህም ከማገዶ ሻጩ ጋር አዳብሎ የሚያየው ስም ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ማምጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከስሙ ጋር የሚሄደው ልማድ ነው ሳይተረጎም የቀረው።

ልማዱስ ምንድን ነው? በብሪታንያ አንድ የዛፍ ቡድን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዛፉን ይዞራል፤ የደረቀ ቅርንጫፍ፣ የበሰበሰ ሥር፣ በአጠገቡ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መስመር መኖሩን ያያል። ያሉበትን አድራሻ በትክክል ጽፎ ይይዛል፤ አደጋ ቢደርስ አምቡላንስ ጠሪው «የት ነን?» ብሎ እንዳይደናበር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በቦታው ይኖራሉ፤ ከመሬት ካሉት አንዱም ወጥቶ የተጎዳውን ማውረድ የሚችል፣ መወጣጫ ትጥቁም በእጁ ያለ መሆን አለበት። ወጪው መታጠቂያ ታጥቆ ከገመድ ጋር ይያያዛል፤ በመጋዝ ሲቆርጥ ደግሞ በሁለተኛ ማሰሪያ ግንዱን ያቅፋል። ይህ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው ነው፤ ምክንያቱም መጋዝ ቅርንጫፉንና ገመዱን ለይቶ አያውቅም። ከላይ «ይወርዳል!» ሲባል ከታች «ነጻ ነው» የሚል መልስ እስኪሰማ ድረስ ምንም አይጣልም። መወጣጫ ገመዱና መታጠቂያው በየስድስት ወሩ ዐዋቂ በሆነ ሰው እንዲመረመር ሕግ ያዝዛል። በዚያም ቢሆን ሰው ይሞታል፤ ሥራው እዚያም ከአደገኞቹ ሥራዎች አንዱ ነው። ልዩነቱ ሰው ሲሞት ማን ምን እንዳጎደለ መጠየቁ ላይ ነው።

የአገሬው ቆራጭ ዕውቀት የለውም የሚል ካለ አንድ ቀን ቆሞ ይመልከት። ዘንበል ያለ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ግንዱ ሳይወድቅ ሽቅብ ሊሰነጠቅና ወደ ቆራጩ ሊመታ እንደሚችል ያውቃል። በሚወድቅበት በኩል አስቀድሞ አፍ ይከፍትለታል፤ በስተኋላ ሲቆርጥም መካከሉ ላይ ጥቂት ሳይነካ ይተዋል፤ ያ የተተወው እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ይመራዋል። ከተቆረጠ ጉቶ ዳግም ያቆጠቆጠ ዛፍ ከጉቶው ጋር ያለው መጋጠሚያ ደካማ ሊሆን እንደሚችልም ያውቃል። ይህ ሁሉ በትምህርት ቤት ያልተሰጠ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ የተላለፈ ጥበብ ነው። ነገር ግን ጥበብ የረገጡትን ቅርንጫፍ ከመሰበር አያድንም። ሞያተኛ መሆንና ተንጠልጥሎ መቅረት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሰለጠነውም ሰው ይንሸራተታል፣ ንብ ይነድፈዋል፣ ያዞረዋል።

እዚህ ላይ የጀግንነት ወሬ ይመጣል። ገመድ መታጠቅ የፈሪ ነው፣ የፈረንጅ ነው፣ አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም ይባላል። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ከታች ቆመው የሚያዩት መሆናቸውን ትተን፣ ስለ አባቶች የተባለውን እንመርምር። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ገደል ይጠብቀዋል። የሚወጣውም በቆዳ በተጎነጎነ ገመድ ነው። ታዲያ እጁን የሚይዝበት ገመድ አንድ ሆኖ ሳለ መነኮሳቱ ሌላ ገመድ ያወርዱለታል፤ እርሱ በወገቡ ይታሰራል፤ ከላይ ሆነውም ይስቡታል። አቡነ አረጋዊን ዘንዶ ተሸክሞ እንዳወጣቸው የሚተርኩት እነዚሁ መነኮሳት ናቸው፤ ሆኖም ተአምሩን ማመናቸው ሁለተኛውን ገመድ ከማውረድ አላገዳቸውም። ሁለት ገመድ፣ አንዱ ለመውጣት አንዱ ለመትረፍ፦ የብሪታንያ ዛፍ ሠራተኞች በቅርብ ዓመታት የሥራ መመሪያቸው ያደረጉት ሐሳብ በሰሜን ኢትዮጵያ ገደል ላይ ሲሠራበት ኖሯል። ገመድ የፈሪ ነው የሚል ሰው ከደብረ ዳሞ ግርጌ ቆሞ ይህንኑ ይበል።

ከጀግንነቱ ይልቅ የሚከፋው ግን የቋንቋው ነገር ነው። ሰው ከዛፍ ሲወድቅ «አደጋ ደረሰበት» ይባላል። ግሱ አድራጊ የለውም፤ አደጋው ራሱ መንገድ አቋርጦ እንደ መጣ እንግዳ ይደርሳል። ቀጥሎ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይመጣል። ለቅሶ ደራሹ ይህን ማለቱ ለማጽናናት ነውና አይነቀፍም፤ ሐዘንተኛን በምርመራ የሚቀበል ሰው የለም። የሚነቀፈው አሠሪው ነው፤ የለቅሶ ቤቱን ቃል ተውሶ ለራሱ የነጻነት ወረቀት ሲያደርገው። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ያስቀብራል፤ ያንን ማኅበራዊ ደግነት ማንም አያቃልልም። ግን ዕድር ገመድ የመግዛት ግዴታ የለበትም። ግዴታው የሌላ ሰው ነበር።

የማን? ጉዳዩ ወደ ሕግ ሲመጣ ይደበዝዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ነገር ግን በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት በክፍያ አንድን ሥራ የሚሠራ ሰው በአዋጁ አይሸፈንም። እንግዲህ «ይህን ዛፍ በቁርጥ ስንት ትጥሉታላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ዋጋን ብቻ የሚመለከት አይምሰል። በቁርጥ የተያዘው ቆራጭ የዕለት ጉርሱን ያጣ ደሃ ሆኖ ሳለ፣ ክርክር ሲነሣ ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው ሊባል በር ተከፍቷል፤ መውደቁም የንግድ ኪሳራው ይሆናል ማለት ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ሥራ ደኅንነትና ስለ ሥራ ላይ ጉዳት ካሣ ሁለት ሕጎች አውጥታለች፤ ሁለተኛው አሠሪ ሠራተኞቹን ኢንሹራንስ እንዲያስገባ ያዛል። ግን በናይሮቢም ቢሆን ለአንድ ቀን ገጀራ ይዞ ግቢ የገባን ሰው ማን «ሠራተኛዬ» ይለዋል?

ናይሮቢ ከተነሣች ዘንድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በዋያኪ ጎዳና ላይ የነበረ አንድ ትልቅ የሙጉሞ ዛፍ ለፈጣን መንገድ ግንባታ ሲባል ሊነሣ ነበር። ሙጉሞ በኪኩዩ ሕዝብ ዘንድ የተቀደሰ ዛፍ ነውና ሕዝቡ ጮኸ፤ ፕሬዚዳንቱም ዛፉ እንዲጠበቅ አዘዙ። ደግ ተደረገ። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በየክረምቱ የሚተከለው ችግኝ በቢሊዮን እየተቆጠረ ይነገራል። ይህም ደግ ነው። ነገር ግን በከተማ የጸደቀ ችግኝ ሁሉ አንድ ቀን ሽቦ ይነካል፣ ጣሪያ ላይ ይደገፋል፣ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ሊወጣበት ነው። ተካዩ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ወጪው ባዶ እግሩን ነው።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። በአዲስ አበባም በናይሮቢም ዛፍ ለመቁረጥ ከአስተዳደሩ ፈቃድ ይጠየቃል። ባለሥልጣኑ ስለ ዛፉ ይጠይቃል፤ ለምን ይቆረጣል ይላል። በዚያው ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ቢጨመር ምን ይጎድላል? ዛፉ ላይ የሚወጣው ማን ነው፣ በምን ይታሰራል፣ ቢጎዳ ወጥቶ የሚያወርደው ማን ነው። ከሥሩም ከቆራጩ ፊርማ በፊት የግቢው ባለቤት ፊርማ ይስፈር።